ከድሬ ዳዋ ተነስቶ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ የባሕር ወፍ ማየት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለድሬ ዳዋ ሰው ባሕሩ ከአዲስ አበባ ይቀርባል። በሐዲዱ ወደ ጅቡቲ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ አዲስ አበባ ከ400 በላይ ነው። እንዲያም ሆኖ ባሕር ሲነሳ ትዝ የሚለን ወደብና ኮንቴይነር ብቻ ነው። ከታች ያሉት ጥያቄዎች በጀልባ ወጥተው የባሕር ወፍ ማየት የሚፈልጉ የድሬና የሐረር ሰዎች በብዛት የሚያነሷቸው ናቸው። መልሱ የአንድ ቀን ጉዞን ይመለከታል፤ በማለዳ ወጥቶ በዚያው ቀን ወደ ጅቡቲ ከተማ መመለስን።

ሐረማያ ላይ ወፍ እያለ ለምን ባሕር ድረስ እንሄዳለን?

ሐረማያ ለልምምድ ጥሩ ነው፤ ዓይን ለማሠልጠን ከእሱ የሚቀርብ ውኃ የለንም። የባሕር ወፍ አኗኗር ግን ሌላ ነው። ብዙዎቹ መሬት የሚረግጡት ለመራባት ብቻ ነው። ቀሪውን ጊዜ ውኃ ላይ ይኖራሉ፤ የሚጠጡትም ያንኑ ጨዋማ ውኃ ነው። ጨዉን ከደማቸው የሚያወጣላቸው ከዓይናቸው በላይ ያለ እጢ ነው። ቡቢ (ከላይ ተወርውሮ ዓሣ የሚያድን ትልቅ የባሕር ወፍ) ወይም ጋል (ወደብ አካባቢ የሚውል የባሕር ወፍ) ጀልባው አጠገብ ሲያርፍ ምንቃሩን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ጫፉ ላይ ጥርት ያለ ጠብታ ይጠራቀማል፤ ትንሽ ቆይቶ ወፉ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያራግፈዋል። ያ ጠብታ ከባሕሩ ራሱ የበለጠ ጨዋማ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ነጭ ዓይን ጋል የሚባለው ወፍ በዓለም ላይ የሚራባው በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ብቻ ነው። ወፍ ተመልካቾች እሱን ፍለጋ አህጉር ያቋርጣሉ፤ ከድሬ ግን አንድ የባቡር ትኬት ነው።

ጥሩው ወቅት መቼ ነው?

ለሰው የሚመቸውና ለወፍ የሚመቸው ወቅት አይገጥሙም፤ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ አየሩ ይቻላል፤ ሙቀቱ 30 ዲግሪ አካባቢ ይውላል። በዚህ ጊዜ ከሰሜን የወረዱ ጋሎች ይበዛሉ፤ ቡቢና ትልልቆቹ ተርኖችም (ቀጠን ያሉ፣ ክንፋቸው ሾጠጥ ያለ የባሕር ወፎች) አይጠፉም። ቅንድባም ተርንና ነጭ ጉንጭ ተርን የሚራቡት ግን በጅቡቲ የሐሩር ወራት፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ነው። ያኔ የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከምዕራብ የሚነፍሰው ኸምሲን አቧራ ይዞ ይመጣል፤ ጥላ በሌለው ጀልባ ላይ ከሦስት ሰዓት በላይ መቆየት ለጤናም አስጊ ነው።

መካከለኛው መንገድ ሚያዝያ ነው። ተርኖቹ መምጣት ጀምረዋል፤ ቀዝቀዝ ያሉትን ወራት እዚህ ያሳለፉት ወፎችም ሁሉም አልሄዱም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ግን ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ቢመርጥ ይሻላል። በእነዚህ ወራት ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ወደ ባሕረ ሰላጤው ስለሚገባ አስጎብኚ ጀልባ በብዛት ይወጣል። ይህም ወጪን እንዴት እንደሚያቀል ከታች እናያለን።

ከድሬ እንዴት ይኬዳል? ምን ይያዛል?

በባቡር ወይም በደወሌ በኩል በመኪና። ባቡሩ በየቀኑ አይሄድም፤ ስለዚህ መጀመሪያ የባቡሩን ቀን አረጋግጡ፣ ጀልባውን ከዚያ ቅጠሩ። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ይሠራና አንድ ቀን ሆቴል ቁጭ ይላል። መሳፈሪያው ከዚራ ያለው አሮጌው ለገሃር አይደለም፤ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለው አዲሱ ጣቢያ ነው። ጅቡቲ ላይ የሚያወርደው ናጋድ ሲሆን እሱም ከከተማው ውጭ ስለሆነ ታክሲ ያስፈልጋል። የቪዛውን ጉዳይ ድሬ ዳዋ ባለው የጅቡቲ ቆንስላ አስቀድማችሁ ጨርሱ።

ባይኖኩላር (ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር) ፍተሻ ላይ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። አትደብቁት፤ በእጅ ሻንጣ ያዙት፣ ደረሰኙ ካለ አብሮት ይሁን፣ ስትወጡ አስመዝግቡት። እንዲያ ካልሆነ ስትመለሱ አዲስ ዕቃ ነው ተብሎ ቀረጥ ሊያስጠይቅ ይችላል።

የሰዓት ነገር እንዳይረሳ። የሰዓት ቀጠናው አንድ ነው፤ አቆጣጠሩ ግን የፈረንጅ ነው። ነጂው «ስድስት ሰዓት ላይ እንነሳለን» ካለ ንጋት 12 ሰዓት ማለቱ ነው። ቀትር ላይ ወደብ የደረሰ ሰው ጀልባም ገንዘብም አያገኝም።

ጀልባ ከየት ይገኛል? ብዙ ገንዘብ የሌለው ሰውስ?

ሦስት መንገድ አለ። ርካሹ ከጅቡቲ ወደ ታጁራና ወደ ኦቦክ ሰውና መኪና የሚያመላልሰው ጀልባ ነው። ለወፍ ብሎ አይቆምም፤ ግን ከፍ ያለ ነው፣ ብዙም አይናወጥም፣ ባሕረ ሰላጤውን መሐል ለመሐል ያቋርጣል። ይህ ዋጋ አለው። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ መሐሉ ከ500 ሜትር በላይ ጥልቀት ስላለው በሌላ አገር ግማሽ ቀን ተጉዘው የሚያገኙትን ዓይነት ውኃ እዚህ ከባሕር ዳርቻው ብዙ ሳይርቁ ያገኙታል።

ሁለተኛው ዌል ሻርክ ለማየት በሚወጡ ጀልባዎች ላይ መቀመጫ መግዛት ነው። እነሱ ወደ አርታ ዳርቻ ሄደው ውኃ ውስጥ ይገባሉ፤ እናንተ ላይ ሆናችሁ ሰማዩን ታያላችሁ። ሦስተኛው ለብቻ መከራየት ነው። አምስት ስድስት ሰው ከሆናችሁ ይህኛው ይሻላል፤ የሚከፈለው በጀልባ እንጂ በሰው አይደለም። የሚሄድበት ቦታ የሙሻና የመስካሊ ደሴቶች ዙሪያ ነው፤ ከከተማው 15 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይርቃሉ።

ስትከራዩ ነዳጅ በዋጋው ውስጥ መሆኑን ጠይቁ፤ ከዚያም ጀሪካኑን በዓይናችሁ ተመልከቱ። ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ባለ ሁለት ምት ሞተር በሙሉ ኃይል ሲሮጥ በሰዓት ከ15 እስከ 20 ሊትር ይፈጃል። ደሴቶቹ ድረስ ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሮጥ፣ ሦስት ሰዓት ደግሞ ቀስ እያለ ቢንቀሳቀስ 40 ሊትር ገደማ ይሄዳል። የባሕር ሰዎች ሕግ አንድ ሦስተኛ ለመሄጃ፣ አንድ ሦስተኛ ለመመለሻ፣ አንድ ሦስተኛ ለክፉ ቀን ነው። ስለዚህ 60 ሊትር ያልያዘ ጀልባ አይያዝ። ሞተሩ አንድ ብቻ ከሆነ ትርፍ ካንዴላና መፍቻ አለ ወይ በሉ፤ ነጂው ከሳቀ ሌላ ጀልባ ፈልጉ።

ስለ ላይፍ ጃኬት፦ አብዛኞቻችን ዋና አንችልም፣ ማፈር አያስፈልግም። ጃኬቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። 50 ኒውተን የሚለው ዋና ለሚችል ሰው የሚረዳ እንጂ ነፍስ የሚያድን አይደለም፤ ከዳር ርቆ ለሚሄድ 100 ወይም 150 ይሁን። ለብሳችሁ ካሰራችሁ በኋላ ሌላ ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። ጆሮ ድረስ ከወጣ ልክ አይደለም ማለት ነው፤ ውኃ ውስጥም እንዲሁ ከላያችሁ ይወጣል።

አቦ፣ እኔ የደንገጎን ቁልቁለት ስወርድ እንኳ ያጥወለውለኛል። ባሕር ላይ እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ ግን መድኃኒቱ ከማጥወልወሉ መቅደም አለበት። ማስታወክ ከጀመረ በኋላ የተዋጠ ክኒን ሳይሠራ ተመልሶ ይመጣል። ፋርማሲ ውስጥ በብዛት የሚገኙት ፕሮሜታዚንና ዳይመንሃይድሪኔት ናቸው። ለአዋቂ ፕሮሜታዚን 25 ሚሊ ግራም በዋዜማው ማታ ሲተኙ ይወሰዳል። እንቅልፍ ስለሚያመጣ ነው ማታ የሚመረጠው፤ ጠዋት የወሰደው ሰው ወፉን ሳይሆን ሕልም ሲያይ ይውላል። ዳይመንሃይድሪኔት ከመነሳት አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ 50 ሚሊ ግራም ይወሰዳል፤ ካስፈለገ 6 ሰዓት ያህል ቆይቶ ይደገማል። ሁለቱን አትቀላቅሉ። የዓይን ግፊት ወይም የፕሮስቴት ችግር ያለበት፣ ነፍሰ ጡር፣ ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ፋርማሲስቱን ሳያማክር እንዳይወስድ። ፕሮሜታዚን ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም።

መቀመጫ ከክኒን እኩል ነው። ጀልባው ከፊት በኩል ከፍ ዝቅ ይላል፤ የሚረጋው ከመሐሉ ትንሽ ወደ ኋላ ያለው ቦታ ነው። የሞተር ጭስ ግን ኋላ ስለሚታፈን ነፋሱ ከፊት የሚመጣበትን ጎን ያዙ። ዓይን አድማስ ላይ ይረፍ። የሚያሳምመው ጆሮ «እየተንቀሳቀስን ነው» ሲል ዓይን ደግሞ ወንበሩን አይቶ «ቆመናል» ሲል ነው። ስለዚህ ስልክ ማንበብ፣ የወፍ መጽሐፍ ገጽ ማገላበጥ፣ የካሜራ ፎቶ መመልከት፣ ሦስቱም ጀልባው ቆሞ ሲወዛወዝ ሰው ይጥላሉ። ባይኖኩላርም እንዲሁ፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በላይ አትዩበት።

ምግብን በተመለከተ ባዶ ሆድም ጥጋብም አይሆንም። ዘይት የበዛበት ፉልና ፈጢራ ለማግስቱ ይቆይ። ደረቅ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ዝንጅብል የበዛበት ሻይ ይበቃል። ውኃ ለአንድ ሰው ለቀኑ 3 ሊትር፤ አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በ1 ሊትር ተበጥብጦ ቢያዝ ደግሞ ጥሩ ነው።

ጫት ይዞ የሚመጣም አለ፤ የአወዳይ ጫት ጅቡቲ ሞልቷል፣ ነጂውም ይቅማል። መከልከል አንችልም፤ ግን ጫት ጥማትንና ረሃብን ስለሚያስረሳ ሰው ሳያውቀው ውኃው ከሰውነቱ ያልቃል፣ ማታውንም ሳይተኛ ያድራል። ያልተኛ ሰው ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ያስመልሳል። ነጂው በርጫ የሚጀምረው ቀትር ላይ ስለሆነ ከዚያ በፊት ተመልሶ መግባት ሌላም ጥቅም አለው።

ያስመለሰው ሰው ነፋሱ ወደሚሄድበት ጎን ዞሮ ያስመልስ። ይህን ያልተረዳ አንድ ሰው የስድስት ሰው ቀን ያበላሻል።

ምን ዓይነት ባይኖኩላር ይበቃል? ድሬ ታይዋን ገበያ ያለው ይሆናል?

8 በ42 ወይም 7 በ50፤ የመጀመሪያው ቁጥር ስንት ጊዜ እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው የፊት መስታወቱን ስፋት በሚሊ ሜትር ይናገራል። 10 ጊዜ የሚያቀርብ ለየብስ ጥሩ ነው፤ ጀልባ ላይ ግን የእጅን መንቀጥቀጥም 10 ጊዜ ያበዛል። በእግር የሚቆም ቴሌስኮፕ ቤት ይቅር።

ታይዋን ገበያ ላይ «60 በ60» ወይም «20 እስከ 180» የሚል ካያችሁ ቁጥሩ ውሸት ነው፤ መስታወቱ ቀይ የሚያብረቀርቅ ከሆነም እለፉት። ከመግዛታችሁ በፊት ውጭ ወጥታችሁ ሩቅ ያለ የመስጊድ ሚናራ ተመልከቱ። ምስሉ ሁለት ከሆነ፣ ወይም ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ዓይን መጎተት ከጀመረ፣ ሁለቱ ቱቦዎች አልተስተካከሉም ማለት ነው፤ እሱ ባሕር ላይ ራስ ምታትና ማስታወክ ነው። ቀጥሎ እጃችሁን ዘርግታችሁ የዓይን በኩሉን መስታወት ተመልከቱ። የብርሃኑ ነጥብ ሙሉ ክብ መሆን አለበት፤ ጠርዙ የተቆረጠ ወይም አራት ማዕዘን ከመሰለ ውስጡ ያለው መስታወት ርካሽ ነው።

ማስተካከያውን የማያውቅ ብዙ ነው። ቀኝ ዓይንን ጨፍኑ፤ በመሐለኛው ጎማ የግራውን አጥሩ። ከዚያ ግራውን ጨፍኑ፤ መሐለኛውን ሳትነኩ በቀኝ ዓይን በኩል ያለውን ትንሿን ቀለበት አዙሩ። አንዴ ከተስተካከለ ቦታውን በብዕር ምልክት አድርጉበት።

ለልምምድ ከባጃጅ መስኮት የሚበር እርግብ መከተል ይበቃል። ከሳቢያን እስከ መጋላ አንዴ የሞከረው ሰው ጀልባ አይከብደውም።

ባሕር ላይ ጨው መስታወቱ ላይ ይደርቃል። በነጠላ ጫፍ ወይም በሸሚዝ እንዳይጠረግ፤ የጨው ፍሬው መስታወቱን ይቧጥጠዋል። መጀመሪያ ከኮዳ ንጹሕ ውኃ አፍስሱበት፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ያዝ አድርጉት። ኤሲ ካለው ክፍል ሲወጣ ደግሞ 10 ደቂቃ ያህል በእርጥበት ይሸፈናል። ይጠብቁት እንጂ አይጥረጉት።

ባሕሩ ሰፊ ነው፤ የት ነው የምመለከተው?

ባዶ ውኃ ላይ ማፍጠጥ የጀማሪ ድካም ነው። ወፍ ያለው ውኃው በሚለወጥበት ቦታ ነው፤ ሁለት ዓይነት ቀለም በሚገናኝበት፣ አረፋና ሣር በረጅም መስመር በተሰበሰበበት፣ ውኃው ያለ ነፋስ በሚፈላበት። የሚፈላው ትልልቅ ዓሦች፣ ብዙ ጊዜ ቱና፣ ትንንሾቹን ወደ ላይ እየገፉ ስለሆነ ነው። ተርኖች እላዩ ላይ ይንጫጫሉ፤ ቡቢዎች ክንፋቸውን ወደ ኋላ አጥፈው ይወረወራሉ።

እንዲህ ያለ መንጋ ሲገኝ ነጂው መሐል ለመሐል መግባት ይወዳል። አስቁሙት። ዓሣው ወደ ታች ከወረደ ወፉም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይበተናል። ከ100 ሜትር ርቆ ነፋሱ ከሚመጣበት ጎን ቆሞ ሞተሩን ያጥፋ። ወፎች ነፋስን ፊት ለፊት ይዘው ስለሚያድኑ እየተጠጉ ይመጣሉ፤ ጀልባውም በነፋሱ ቀስ እያለ ወደ እነሱ ይሄዳል።

ፀሐይ ሌላው ነገር ነው። ባሕረ ሰላጤው ወደ ምሥራቅ ስለሚከፈት ጠዋት ወደ አፉ ስትሄዱ ብርሃኑ ዓይን ላይ ነው፤ በዚያ በኩል ያለ ወፍ ሁሉ ጥቁር ይመስላል። ግራችሁን፣ ማለትም የሰሜኑን ጎን ተመልከቱ። መንጋ ስታገኙ በምሥራቁ በኩል ዙሩና ፀሐይን ወደ ጀርባ አድርጉት። ከትንሽ ጀልባ ላይ ዓይናችሁ ከውኃው 2 ሜትር ከፍ ቢል አድማሱ 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ይርቃል፤ ውኃውን ታክኮ የሚበር ወፍ ደግሞ በየማዕበሉ ጉድጓድ ይሰወራል። መጀመሪያ በባዶ ዓይን ፈልጉ፣ ዓይንን ሳትነቅሉ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይን አምጡ።

ነጭ አረፋ እዚህም እዚያም ብልጭ ማለት ሲጀምር ነፋሱ ወደ 12 ኖት (በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ገደማ) ደርሷል። እስከዚያ ድረስ ነፋስ ወዳጅ ነው፤ ፀጥ ባለ ውኃ ላይ ብዙ ወፍ ተቀምጦ ይውላል። አረፋው ባሕሩን ሁሉ ከሸፈነው ግን ተመለሱ።

«በ3 ሰዓት በኩል!» ሲባል ምን ማለት ነው?

የጀልባው ፊት 12፣ ቀኝ 3፣ ኋላ 6፣ ግራ 9 ነው። የምንጠራው የሰዓት ፊት ላይ የተጻፈውን ቁጥር ነው እንጂ በእኛ አቆጣጠር ሰዓቱን የምንልበትን አይደለም። ከመነሳት በፊት አንዴ ካልተነጋገሩ «ሦስት!» ሲባል ግማሹ ወደ ግራ ይዞራል። ርቀቱንም ጨምሩ፦ «ሦስት ላይ፣ እስከ አድማስ ግማሽ፣ ወደ ግራ እየበረረ።»

የትኞቹን ወፎች እናያለን? እንዴት እንለያቸዋለን?

ከወደቡ ሳትወጡ ሁለቱ ጋሎች ይቀበሏችኋል፤ ሰው ሁሉ የሚያምታታውም እነሱን ነው። ሁለቱም ጥቁር የሚመስል ራስ አላቸው። ምንቃሩን እዩ። ነጭ ዓይን ጋል ምንቃሩ ቀጭንና ረጅም ነው፤ ጠቆር ያለ ቀይ ሆኖ ጫፉ ጥቁር ስለሆነ ከሩቅ ሙሉ ጥቁር ይመስላል። ከዓይኑ በላይም በታችም ነጭ ቅስት አለው፤ እግሩ ቢጫ ነው። ጥላሸት ጋል ደግሞ ምንቃሩ ወፍራም፣ አረንጓዴ ቢጫ፣ ወደ ጫፉ ጥቁር ቀለበትና ቀይ ጫፍ ያለው ነው፤ ቅስቱ ከዓይን በላይ ብቻ ይታያል፣ ራሱና ጀርባው ወደ ቡና ይሄዳል። ገና ያልጎለመሱት ላይ ቀለሙ አይረዳም፤ የምንቃሩ ውፍረት ግን በየትኛውም ዕድሜ አይዋሽም።

ተርኖችን በምንቃር ቀለም ጀምሩ። ብርቱካናማ ምንቃር ያለው መካከለኛ ተርን ትንሹ ጉትያም ነው። አረንጓዴ የነካው ቢጫ ምንቃር ኖሮት ከእሱ ተለቅ፣ ጀርባውም ጠቆር ካለ ትልቁ ጉትያም ነው። ወፍራም ቀይ ምንቃርና የጋል ያህል ቁመት ካስፒያን ተርን ነው። ጥቁር ምንቃር ጫፉ ቢጫ ከሆነ ሳንድዊች ተርን። ነጭ ጉንጭ ተርን ሆዱ ግራጫ ስለሆነ ጉንጩ ላይ ያለው ነጭ መስመር ጎልቶ ይወጣል። ቅንድባም ተርን ጀርባው ግራጫ ቡናማ ሲሆን የግንባሩ ነጭ ከዓይኑ አልፎ ይሄዳል፤ የሚንሳፈፍ ጣውላ ወይም ጀሪካን ላይ ተቀምጦ ማግኘት የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ቆሻሻ ሁሉ ይታይ።

ቡናማ ቡቢን ማንም አይስተውም። ደረቱ ላይ ቡናማው ተቆርጦ ነጩ ይጀምራል፤ ድንበሩ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ክንፉ ሲዘረጋ ከ130 እስከ 150 ሴንቲ ሜትር ነው። ጭምብላሙ ቡቢ ነጭ ሆኖ የክንፉ ጠርዝና ጅራቱ ጥቁር ነው፤ እሱ ወደ ውጭው ባሕር ይበዛል። ቀይ ምንቃር ትሮፒክበርድ ከታየ ቀኑ ተሳክቷል። ነጭ ነው፣ ከመሐል ጅራቱ ሁለት ረጅም ቀጫጭን ላባ ይጎተታል፣ ክንፉን በፍጥነት እየመታ ከፍ ብሎ ይበራል። ወደ ላይም መመልከት ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ከባሕረ ሰላጤው አፍ አካባቢ ዕድል ካለ ሌሎቹ ይመጣሉ። የፋርስ ሺርዎተር ከላይ ቡናማ ከታች ነጭ ሆኖ ጥቂት ይመታና ይንሸራተታል። የጁዋኒን ፔትሬል ሁለመናው ጥቁር ቡናማ፣ ጅራቱ ረጅምና ሾጣጣ ነው፤ የሚራባው ሶቆጥራ ነው። ዊልሰን ስቶርም ፔትሬል የወንጭፊት ያህል ትንሽ ናት፤ ወገቧ ነጭ፣ እግሯን አንጠልጥላ ውኃውን እየረገጠች ትሄዳለች። የምትራባው አንታርክቲካ አካባቢ ስለሆነ ወደዚህ የምትመጣው እዚያ ክረምት ሲሆን፣ ከግንቦት ወዲህ ነው።

ነጂዎቹ ወፍ ያውቃሉ፤ በፈረንሳይኛ ስም ግን ነው። ጋልን «ጎኤላን»፣ ተርንን «ስተርን»፣ ቡቢን «ፉ» በሏቸው። የድሮ የባቡር ሠራተኛ ቤተሰብ ያላችሁ ፈረንሳይኛው ዛሬ ይጠቅማል። ሶማሊኛ ወይም አፋርኛ የሚችል ሰው ካለ ደግሞ ዋጋውም ይቀንሳል።

ወፍ ለመሳብ ዓሣ መጣል ይሠራል?

ለጋልና ለተርን ብዙም አያስፈልግም። ለሺርዎተርና ለፔትሬል ይሠራል፤ እነሱ ምግባቸውን የሚያገኙት በማሽተት ነው። ከዓሣ ገበያ 5 ኪሎ ያህል አንጀትና ጉበት ግዙ፣ አድቅቃችሁ ከባሕር ውኃና ከግማሽ ሊትር የዓሣ ዘይት ጋር በባልዲ አዋሕዱት። ጥልቅ ውኃ ላይ ሞተር አጥፍታችሁ በየሁለት ደቂቃው አንድ ኩባያ ጨምሩ። ዘይቱ በነፋሱ አቅጣጫ ረጅም መስመር ይሠራል፤ ወፉ በዚያ ተከትሎ ስለሚመጣ የሚጠበቀው በነፋሱ መውረጃ በኩል ነው። ግማሽ ሰዓት ታገሡ። ባልዲውን ሁሉ በአንዴ መድፋት ጋል ብቻ ያጠግባል። ሰው እየዋኘ ባለበት አካባቢ ግን አይደረግም፤ ሽታው ሻርክንም ይጠራል።

ደሴት ላይ ወርደን ጎጆ ማየት እንችላለን?

ወፍ በሚራባበት ወቅት አይወረድም። እንቁላሉ የሚቀመጠው በአሸዋ ወይም በድንጋይ ላይ ነው፤ እናቲቱ የምትታቀፈው ለማሞቅ ሳይሆን ከፀሐይ ለመከለል ነው። ሰው ደርሶ ካስነሳት በደቂቃዎች ውስጥ ይበስላል፤ ጥላሸት ጋሉም አጠገብ ቆሞ ይጠብቃል። ከ100 ሜትር ሆናችሁ ከጀልባ እዩ። ወፎቹ ተነስተው ከላያችሁ መጮህ ከጀመሩ ቀርባችኋል።

ሰባቱ ወንድማማች ደሴቶችና ባብ ኤል መንደብስ?

ለወፍ የተባረከ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 መኸር ከዓረብ ምድር ወደ ጅቡቲ ሲሻገሩ የተቆጠሩት አሞሮችና ንስሮች ከ240 ሺህ በላይ ነበሩ። ግን ደሴቶቹ ከጅቡቲ ከተማ ወደ 100 ኪሎ ሜትር፣ ከኦቦክም ከ50 በላይ ስለሚርቁ የአንድ ቀን ጉዞ አይደሉም። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በዚያ መተላለፊያ መርከቦች ጥቃት ደርሶባቸዋል። በትልቅ መርከብ አቅጣጫ በፍጥነት የምትመጣ ትንሽ ጀልባ በጠባቂዎቹ ዓይን ወንበዴ ናት። በአሁኑ ሁኔታ አንመክርም።

ፎቶ ማንሳትስ?

300 ወይም 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ፍጥነቱ ከ1/2000 ሰከንድ የማያንስ፣ ተከታታይ ትኩረት። በስልክ ከሆነ ቪዲዮ ይሻላል። ወደብ አካባቢ ግን ካሜራም ባይኖኩላርም ይውረድ። ጅቡቲ ውስጥ የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ፣ የቻይና፣ የጃፓንና የጣሊያን ጦር ሰፈር አለ፤ «ጋሉን ነው ያነሳሁት» የሚለው ማብራሪያ ጥበቃው ጋ አይሠራም።

ልብስና ፀሐይ?

እጀ ረጅም ሳሳ ያለ ሸሚዝ፣ አገጭ ሥር የሚታሰር ባርኔጣ፣ ሽርጥ። ፀሐይ ከውኃው ስለሚያንጸባርቅ የአገጭ ሥርና የአፍንጫ ቀዳዳ ዙሪያ ይቃጠላል፤ ቅባቱ እዚያም ይደረስ። በማለዳ ነፋስ ጃኬት ያስፈልጋል፤ ለሐረር ሰው እንኳ።

የደከመ ወፍ ጀልባው ላይ ቢያርፍ ምን እናድርግ?

ምንም። አይነካ፣ ዳቦ አይሰጠው፣ ላዩ ላይ ውኃ አይፈስ። የላባው ዘይት ከተነካ ውኃ ይገባዋል። ጥላ ያለበት ጥግ ካለ ሰው ከዚያ ይነሳለት፤ ብዙ ጊዜ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አርፎ ይሄዳል። መብረር አቅቶት ወለል ላይ የወደቀ ከሆነ ፎጣ ጣል አድርጋችሁበት ቀዳዳ ባለው ካርቶን ውስጥ አስቀምጡት፤ ሞተር ሲጠፋ ወደ ውኃው ጠርዝ ዝቅ አድርጋችሁ ልቀቁት፣ ወደ ላይ አትወርውሩት። ቡቢ ከሆነ ከፎጣው በፊት ምንቃሩን ያዙ። ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ነው፤ ሲነክስ ደግሞ ዓይን ነው የሚፈልገው።